ታንኳና ክረምት፤ ከሐይቅ እስከ ጣና



በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ አገራችን ታሪክ ሲጻፍ ቆይቷል። ዘንድሮ ስለ ታንኳ እንጽፋለን ስንል «ኧረ ለመሆኑ ቆቦንና ታንኳን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩም ሐሰት አይደለም። አገራችን የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው። ጎሊናና ሆርማት በበጋ ውኃቸው መንምኖ ሰውም ከብትም በእግሩ ይሻገራቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ታንኳ ቀርቶ ግንድ ነቅለው የሚሄዱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ወሎ ታንኳ የማያውቅ አገር አይደለም። ከቆቦ ተነሥቶ በወልዲያና በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ሐይቅ ከተማን ያልፋል፤ እዚያ ያለው ሐይቅም የታንኳ ታሪኩ ከ500 ዓመት በላይ ነው። ከዚያ አልፎ ጣና አለ። በእነዚህ ውኃዎች ዳር የኖሩት ወገኖቻችን ታንኳቸውን ከክረምት እንዴት እንደሚያድኑ ሲያስቡበት ኖረዋል። ያገኙት መላ ለእኛም ለደረቅ አገር ሰዎች፣ በተለይም የጋራ ንብረት ለምንጠብቅ ለዕድርተኞች (ቅሬ ብንለውም ያው ነው) የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ይኸው አቅርበነዋል።

ሁለት ዓይነት ክረምት

አስቀድመን አንድ ነገር እናስረዳ። ክረምት ስንል እኛ የምንለው ዝናቡን፣ ጎርፉንና ደመናውን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ማለት ነው። ልጆቻችን የሄዱባቸው እንደ ስዊድን፣ እንደ ካናዳና እንደ ሰሜን አሜሪካ ያሉ አገሮች ግን ክረምት የሚሉት ብርዱንና በረዶውን ነው። በእነሱ ዘንድ ጀልባ የሚጎዳው ውኃው ስለሚረጋ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህም በሞተሩ ሆድ ውስጥ የቀረ ውኃ ብረቱን እንደ ሸክላ ይሰነጥቀዋል። እኛ ዘንድ ግን ጀልባ የሚጎዳው ውኃው ስለሚበዛ ነው። ከላይ ዝናቡ ይሞላዋል፣ ከታች ሐይቁ ያነሣዋል፣ ከጎን ነፋሱ ይመታዋል፣ ከውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል።

ስሙ አንድ ሆኖ ጠላቱ ሁለት ነው። ይህን የለየ ሰው የሚከተለውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

በሐይቅ የነበረው የቅል ታንኳ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ቀድሞ ግን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ሲያስተዳድሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ በደቀ መዝሙርነት ሲቀመጡ፣ መጽሐፉም ሆነ እህሉ የሚገባው በውኃ ላይ ነበር።

ስለ መጓጓዣው ዓይነት በጽሑፍ ያስቀመጠልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከመልእክተኛው ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር መጥቶ፣ በ1513 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1520) በእኛው አካባቢ፣ ያኔ አንጎት ይባል በነበረው አገር በኩል አልፎ ሐይቅ ደረሰ። መጽሐፉ በሊዝበን የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540 ነው። እንደ እሱ አገላለጽ የሐይቅ መነኮሳት የሚሻገሩበት ነገር ቄጠማ መሳይ ሣር በእንጨት መካከል ተጠቅጥቆ የታሰረና በየማዕዘኑ ትልልቅ ቅል የተደረገበት ነበር። ቅሉ ባዶ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ሣሩ ውኃ ጠጥቶ ቢከብድ እንኳ ቅሉ ወደ ላይ ይስበዋል። ይኸ የአገራችን ሰው ብልሃት ነው። የሣሩን ድካም አውቆ በቅል ደገፈው እኮ!

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር በደረሰ ጊዜ ታንኳ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታየ። ደሴቱን ከዳር የሚለየው ውኃ ሠራዊቱን ስላገደው ኢማሙ መሻገሪያ ማሠራት ግድ ሆነበት። በመጨረሻም የደሴቱ ሰዎች ወርቁንና ንብረቱን አስረክበው በስምምነት ስላለቀ ገዳሙ ከመቃጠል ዳነ። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከዚያ ሁሉ ዘመን ተርፎ ለዘመናችን ሊደርስ የቻለው አንዱ ምክንያት ይኸው ውኃ ነው።

የጣና ታንኳ አሠራር

ከሐይቅ ይልቅ ታንኳ በብዛት የኖረው በጣና ነው። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። የወሎው ሐይቅ በስፋት ትንሽ ሆኖ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። የጣና ቀዛፊ ሐይቁን በጧት ለመሻገር የሚቸኩለው ስለዚህ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል።

ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ውኃ ውስጥ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ታጭዶ ይደርቃል፣ በልጥ ገመድ ጠብቆ እየታሰረ ይነባበራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ የደንገል እሥር ይደረግና ሰውና ዕቃ በዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥር የሚሰርገው ውኃ ዕቃውን እንዳይነካው ማለት ነው። ሙያው የወይጦዎች ነው። ወይጦዎች በጣና ዳር የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጉማሬ አዳኞች ናቸው እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ታዲያ በደሴቶቹ ላይ ላሉት የክርስቲያን ገዳማት ታንኳ የሠሩላቸው እነዚሁ የተናቁት ሰዎች መሆናቸውን ስናይ፣ በሥራው እየተገለገሉ ሠሪውን መናቅ ምን ያህል ነውር እንደ ነበር እንረዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ሰፍነግ ነው፤ በጥቃቅን ክፍሎች አየር ይዟል። የሚንሳፈፈውም በዚያ አየር ነው። ውኃ ላይ ሲቆይ ግን አየሩ ይወጣና ቦታውን ውኃ ይይዘዋል። ታንኳው በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል፣ ጠርዙም ወደ ውኃው ይጠጋል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ታንኳው አንድ ቀን በድንገት አይሰጥምም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ከውኃ ማውጣት! ቀዛፊው መንገዱን እንደ ጨረሰ ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትተዋል፣ ያቆመዋል ወይም ያጋድመዋል፣ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ ታንኳን በውኃ ላይ የማኖር ጥበብ ታንኳን ከውኃ የማውጣት ጥበብ ነው ብንል አንሳሳትም። በበጋ ይህ ቀላል ነው። በክረምት ግን ፀሐዩ ስለሚጠፋ ታንኳው እርጥበቱ ሳይለቀው እንደገና ውኃ ይገባል፤ ልጡም ይበሰብሳል። በደህና ጊዜ እንኳ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ስለሆነ በክረምት ቶሎ ያረጃል። አዋቂ ቀዛፊ በክረምት ጭነቱን ይቀንሳል፣ መንገዱን ያሳጥራል፣ ደመናው ሲጠቁር ከነጭራሹ ይቀራል።

ሬሳ የሚሻገርበት ታንኳ

የእኛ ማኅበር የቀብር ማኅበር ስለሆነ ይህን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ለደሴት ሰው ቀብር ያለ ታንኳ አይሆንም። ዘመድ ለማርዳት፣ ለቀስተኛ ለማድረስ፣ ሬሳ ለማሻገር ሌላ መንገድ የለም።

በጣና መካከል ባለችው በዳጋ ደሴት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እንደሚገኝ ይታወቃል። እነዚህ ነገሥታት አንዳቸውም በእግራቸው ወይም በፈረስ ዳጋ አልደረሱም፤ ሁሉም በውኃ ተሻገሩ። ዐፄ ፋሲል ያረፉት በጥቅምት 1660 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት ዝናቡ ያቆመበት ወር ቢሆንም ጣና ግን የክረምቱን ውኃ ሰብስቦ ገና ሞልቶ ያለበት ወቅት ነው። የጎንደርን ግንብ ያሠራ ንጉሥ የመጨረሻውን መንገዱን በውኃ ላይ ተጓዘ ማለት ነው። በዚያ ቀን ታንኳውን ያዘጋጀው፣ ያደረቀውና ያሰረው ሰው ስሙ በታሪክ አልተጻፈም። በዕድርም እንዲሁ ነው፤ ድንኳን የሚተክለውን ሰው ስም የሚጽፍ የለም፤ ሳይተክል ሲቀር ግን ሁሉም ይጠይቃል።

መንኰራኩር ያለው ታንኳና ውቅያኖስ የገባው ደንገል

ዐፄ ቴዎድሮስም በታንኳ ነገር ሞክረው ነበር። በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ሰፍረው ሳሉ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ተመኙ። መሐንዲስና ብረት ባይኖር ጊዜ በደንገል ላይ የእንጨት ወለል አስደርገው፣ በጎንና በጎን በእጅ የሚዞር መንኰራኩር ያለው ታንኳ አሠሩ። ይህን የጻፈልን ኋላ በመቅደላ የታሰረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። ሙከራው የትም አልደረሰም። አስቡት፤ መንኰራኩሩ ቢጨመርም የታንኳው ሆድ ያው ደንገል ነው። ውኃ የሚጠጣው ነገር እስካልተለወጠ ድረስ ፍጥነት ቢጨመርለት አይድንም።

ከመቶ ዓመት በኋላ የጣና ደንገል ዓለምን አስደነቀ። የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ተከራከረ። ይህንም ለማስረዳት ከጣና ደንገል ገዝቶ ወደ ግብፅ አስጫነ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም በፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለውን መርከብ ሠሩለት። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰጥማል» ያሉት ሊቃውንት ተሳሳቱ፤ መርከቡ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ነገር ግን የኋላው ጫፍ ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ወረደ። ጫፉን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አያስፈልግም ተብሎ ተነሥቶ ነበርና የሚይዘው ጠፋ። በሐምሌ መርከቡን ጥለው ወደ ሌላ ጀልባ ተሳፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት በቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች አጠር ተደርጎና ጠብቆ የታሰረው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ደንገሉ አልነበረም የጎደለው፤ አንድ ገመድ ነው። ጥቅሟ በደህና ቀን የማትታይ ገመድ በክፉ ቀን የሰውን ሕይወት ትይዛለች።

የብረት ጀልባ ሲመጣ

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ፣ ጎርጎራ ላይ ወደብ ተሠርቶ የሞተር ጀልባ በጣና ላይ መሄድ ጀመረ። ከነጻነትም በኋላ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል መርከብ ሲመላለስ ኖሯል። የብረትና የእንጨት ጀልባ እንደ ደንገል በየቀኑ ከውኃ አይወጣም፤ ከባድ ነው። ስለዚህ ክረምቱን በውኃው ላይ ማሳለፍ አለበት። እዚህ ላይ ጥበቃው ይለወጣል።

አንደኛው ዝናቡ ነው። ነገሩን በሒሳብ እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍት ጀልባ 9 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 360 ሊትር ይገባበታል። ይህም 18 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ በክብደት ሦስት ኩንታል ከ60 ኪሎ! ሳይሸፈን ሁለትና ሦስት ሌሊት የከረመ ጀልባ ቀዳዳ ሳይኖረው ከላይ በገባ ውኃ ብቻ ይሰጥማል። ስለዚህ ሸራ ያስፈልገዋል፤ ሸራውም መሐሉ ከፍ ብሎ እንደ ድንኳን መወጠር አለበት፤ አለዚያ ውኃው መሐል ላይ ተጠራቅሞ ሸራውን ይቀደዋል። በየጧቱ ሄዶ የገባውን መቅዳትም ግድ ነው።

ሁለተኛው የሐይቁ ከፍታ ነው። ጣና ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እየሞላ ሄዶ በመስከረም ግድም ጫፍ ይደርሳል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሰኔ አጥብቆ በአጭር ገመድ የታሰረ ጀልባ በነሐሴ ውኃው ሲያነሣው ገመዱ አፍንጫውን ወደ ታች ይይዘዋል፤ ውኃም በጠርዙ ይገባል። ገመዱ በጣም ከረዘመ ደግሞ ነፋሱ ከድንጋይ ጋር ያላትመዋል። ስለዚህ ውኃው በጨመረ ቁጥር ገመዱን ማላላት፣ በጎደለ ቁጥር ማሳጠር ነው። ገመዱ ከብረት ወይም ከድንጋይ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ጨርቅ ወይም ጎማ ይጠመጠምበታል። ባንድ ገመድም አይታመንም፤ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም በተለያየ ቦታ ይታሰራል።

በብርድ አገር ያሉትም ከዚህ አይርቁም። ብዙዎቹ ከበረዶው በፊት ጀልባቸውን ወደ የብስ ያወጡታል። በውኃ ላይ የሚተዉት ደግሞ ከሞተሩ ውኃውን ያወጣሉ ወይም በረዶ የማይዝ ፈሳሽ ይጨምሩበታል። ውኃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በበረዶው ሥር፣ ከታች ያለው ውኃ ከላይኛው ይሞቃል። ይህን ያወቁ ሰዎች ከጀልባው ሥር አየር እያስነፉ ያን ሞቅ ያለ ውኃ ወደ ላይ ያወጡትና በረዶው ጀልባውን ጨምቆ እንዳይሰብረው ያደርጋሉ። ጠላቱ ቢለያይም መላው አንድ ነው፤ አስቀድሞ ማሰብ፣ መሸፈን፣ ማሰር፣ ሄዶ ማየት።

ውኃው ሲጎድል

የውኃ ነገር መብዛት ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁ በርትቶ የሐይቁ ውኃ በጣም ስለ ወረደ መርከቦች ለወራት መሄድ አቃታቸው። ከውኃው የወጣው መሬትም ታረሰ፤ የደንገሉም ቦታ ተነካ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ዳር ወረረ። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ሥራ ይፈታል፤ ልጁም ሙያውን ሳይማር ይቀራል። ዛሬ በጣና ላይ የሞተርና የፕላስቲክ ጀልባ እየበዛ ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን የደንገሉን አሠራር የሚያውቅ ሰው ሲያልቅ ከሱ ጋር የሚቀበረው እውቀት በገንዘብ አይመለስም።

ለእኛ የሚሆነን

እንግዲህ እኛ የቆቦና የራያ ሰዎች ከዚህ ምን እንውሰድ?

መጀመሪያ ስለ ወንዞቻችን። ሐይቅ የሚያነሣ ውኃ ነው፤ የእኛ ጎርፍ ግን የሚጠርግ ውኃ ነው። ድንጋይና ግንድ ይዞ ስለሚመጣ ታንኳም ዋናም አያድንም። ከምዕራብ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። እርሻችን በዚሁ ውኃ ይለማል፤ ገበሬያችን ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ማግባትን ከአባቶቹ ተምሯል። ነገር ግን ያው የሚያለማው ውኃ ሰው ይወስዳል። በጎርፍ የተወሰደ ሰው ቤተሰብ ሐዘኑ ድርብ ነው፤ ሬሳ እስኪገኝ ቀብር የለም፣ ቀብር እስኪሆን ልቅሶው አያርፍም። የጣና ቀዛፊ ደመና ሲጠቁር መንገዱን እንደሚያስቀር እኛም በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ እስኪያልፍ ዳር ቆመን እንጠብቅ። ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ለልቅሶ ብሎ ጎርፍ የሚገባ ሰው ሌላ ልቅሶ ይጨምራል እንጂ ሟቹን አይጠቅምም። ዘግይቶ የደረሰ ለቀስተኛ በእኛ ዘንድ ሊወቀስ አይገባውም።

ሁለተኛው ስለ ዕድራችን ንብረት ነው። ድንኳናችን የእኛ ታንኳ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በክረምት ለሦስት ቀን ተተክሎ የዋለ ድንኳን ውኃ ይጠጣል። እርጥብ እንዳለ ተጠቅልሎ መጋዘን ከገባ ሻጋታ ይበላዋል፤ ስፌቱም ይላላል። እንደ ደንገሉ ታንኳ ማድረቅ ነው መላው። ፀሐይ ባይኖር እንኳ በሰፊ ክፍል ውስጥ ተዘርግቶ ነፋስ ይምታው። ገመዱ ለብቻው ይድረቅ፤ የተፋተገው ይለይ። ካስማው ከጭቃ ይጽዳ። ብረት ድስቱ ደርቆ ይደፋ። ምንጣፉ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ። ይህንም የሚሠራ ሰው በተራ ተመድቦ በመዝገብ ይጻፍ፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

በመጨረሻም የዕድራችን ወጣቶች ከሽማግሌዎች ዘንድ ቁጭ ብለው ይህን መሰሉን የሙያ ታሪክ እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ድንኳን እንዴት እንደሚወጠር፣ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠለፍ፣ ቃሬዛ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቅ ሰው በየሠፈሩ አለ። ሳይጠየቅ እንዳያልፍ።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን፤ ውኃውን ለበረከት ያድርግልን።